የመንዝ ጓሳ፦ የቤት ክዳን ሣርና የቀይ ቀበሮ ታሪክ

በመንዝ ምድር ቤት የሚሠራ ሰው ለግድግዳው ድንጋይ አይቸግረውም። ድንጋዩ ከማሳው ተለቅሞ ይካባል፤ ውፍረቱም ብርዱን ይከላከላል። የሚያስጨንቀው ክዳኑ ነው። አገሩ ደጋ፣ ከፊሉም ውርጭ ስለ ሆነ ዛፍ እንደ ልብ አይገኝም፤ የገብሱ ጭድ ለከብት እንጂ ለጣሪያ አይተርፍም፤ ክረምቱም በዝናብ ብቻ ሳይወሰን ጉምና በረዶ አስከትሎ ይመጣል። እንዲህ ባለ አገር ክዳኑ የሳሳ ቤት ቤት አይባልም። ስለዚህ የመንዝ ሰው ከጥንት ጀምሮ ቤቱን የከደነው ጓሳ በሚባለው ሣር ነው።

ጓሳ የዕፀዋት ሊቃውንት ፌስቱካ ብለው ከሚጠሩት ወገን የሚመደብ፣ በእቅፍ በእቅፍ ተሰብስቦ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ቀጭንና ጠንካራ የሆነ የከፍተኛ ቦታ ሣር ነው። አገልግሎቱ በጣሪያ አያበቃም። ተገምዶ ገመድ ይሆናል፤ ተጎንጉኖ እረኛው በክረምት ከራሱ ላይ የሚደርበው ገሣ ይሆናል፤ ምንጣፍም ሆነ ልዩ ልዩ የቤትና የእርሻ ዕቃ ይሠራበታል፤ ገበያ ወጥቶም ይሸጣል። አገልግሎቱን የጨረሰው ጓሳ ወደ አፈር ይመለሳል እንጂ በማንም ደጅ ቆሻሻ ሆኖ አይቀርም። በአንድ የመንዝ ቤት ውስጥ ከላይ እስከ ታች ዓይኑን ያንከራተተ እንግዳ የጓሳን እጅ ያላየበት ማዕዘን ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ሣሩ የሚበቅልበት ቦታም በሣሩ ስም ጓሳ ተብሏል። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ገደል አፋፍ ላይ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከዚህ ሜዳ የሚፈልቁት ምንጮች ከፊሎቹ ወደ ዓባይ፣ ከፊሎቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ጅባራው በሣሩ መካከል እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል፤ ጭላዳው በመንጋ እየሆነ ሣር ይነጫል። በዚሁ ሣር ውስጥ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና በዓለም ላይ ቁጥሩ እጅግ የተመናመነው ቀይ ቀበሮ ይኖራል።

ስለ ቀይ ቀበሮ አንድ ነገር አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። የውጭ አገር ሰዎች ለረጅም ጊዜ የስሜን ቀበሮ ሲሉት ቆይተው፣ የዘር ምርመራው ከተኩላ ወገን መሆኑን ስላሳየ ዛሬ የኢትዮጵያ ተኩላ ይሉታል። ያገሬው ሰው ግን ስሙን አልለወጠበትም። እንስሳው በቡድን እየኖረ ለብቻው ያድናል፤ ምግቡም በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። የሚኖረው በደጋው ጫፍ፣ እርሻ ባልደረሰበት ቦታ ብቻ ነው። እርሻው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እርሱም ወደ ላይ ሸሽቷል፤ ከጫፉ በላይ ግን መሸሻ የለም። ዛሬ በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 የማይሞሉ ናቸው። ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ሲኖሩ በጓሳ ያሉት በዐሥር ብቻ የሚቆጠሩ ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ይሁን እንጂ በሰሜን ሸዋ፣ ሕዝቡ በበዛበትና መሬቱ በጠበበበት አገር፣ አንድም ሳይቀር ባለመጥፋቱ የሚያስደንቅ ነው። ከዚያ አካባቢ ያነሰ ሕዝብ የሰፈረባቸው ስንት ተራሮች ቀበሯቸውን አጥተዋል!

ያን ቀበሮ ያቆየው ማን ነው? መንግሥት ነው እንዳይባል፣ የዱር አራዊት ሕግ በኢትዮጵያ ሥራ ላይ ከመዋሉ አስቀድሞ ቦታው ለብዙ ዘመን ተጠብቆ ኖሯል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ግን አደጋ ላይ ከወደቁት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ ከዚያም የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ጓሳ በዚህ ሁሉ ዘመን ፓርክ አልነበረም። ቦታውን ያቆየው የጣሪያ ፍላጎት ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

በአካባቢው እንደሚነገረው ጓሳን ለይተው ያስከበሩት በ17ኛው ምዕት ዓመት አገሩን ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉት አባቶች ናቸው። የጌራ ስም ዛሬም ድረስ ከመንዝ ሦስት ክፍሎች፣ ከማማ፣ ከላሎና ከጌራ በአንደኛው ላይ ይነበባል። ከእነዚህ አባቶች የሚወለዱት ሰዎች በአጽመ ርስት ባለመብት ሆነው ጓሳን በጋራ ያዙ። የአያያዙም ደንብ ቄሮ ይባል ነበር። ቃሉ በቅርብ ዓመታት በሌላ ትርጉም ቢታወቅም፣ እዚህ የሚነገረው ቄሮ ሣርን የሚመለከት የሽማግሌዎች ሥርዓት መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

የሥርዓቱ ዋና ነገር መዝጋትና መክፈት ነበር። የአስቦና የጌራ ወገኖች እየአንዳንዳቸው አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። በአለቃው ትእዛዝ ጓሳው ይዘጋል። ሲዘጋ ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት ክልክል ነው። ሣሩ እስኪጠነክርና እስኪረዝም ድረስ ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል። ተራ በተራ የጥበቃ ግዴታ ያለበት የየቤቱ አባወራ ነበር፤ ደንቡን ጥሶ ያጨደም ሆነ ከጥበቃው የቀረ ቅጣት ይጠብቀዋል። ሣሩ መድረሱ ሲታወቅ የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ይነገራል። የሚከፈተውም በበጋው ብርቱ ወራት፣ በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜ የሰው ጎርፍ ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ ከብቱም ይከተላል። ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን፣ ሰውም ከብትም ጓሳን ለቆ ይወርዳል።

የዚህን አሠራር ብልኅነት ለማድነቅ ሣሩን ማወቅ ይበቃል። ጓሳ በየዓመቱ ቢታጨድ ለግጦሽ የሚሆን ለምለም ሣር ይሰጥ ይሆናል፤ ለክዳንና ለገመድ የሚሆን ረጅምና ጠንካራ ሣር ግን አይሰጥም። ትዕግሥቱን ያመጣው እንግዲህ የዕቃው ባሕርይ ነው። ጥሩ ክዳን የፈለገ ሰው ሦስት ዓመት ከመጠበቅ በቀር አማራጭ አልነበረውም፤ ብቻውን ቢጠብቅ ደግሞ ጎረቤቱ ያጭድበታል። ስለዚህ ሁሉም በአንድነት መጠበቅ ነበረበት። ለግጦሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሜዳው ወይ ተግጦ ያልቅ፣ ወይ ተከፋፍሎ ይታረስ ነበር፤ በሌሎች ደጋዎች የሆነውም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቀበሮው እንመለስ። ሦስት ዓመት ያልታጨደ ጓሳ ሥሩ እንደ ጎጆ ይሆናል፤ በሥሩም አይጦች ይራባሉ። አይጥ ባለበት ቀበሮ አለ። ከዚህም በላይ ቀይ ቀበሮ የሚወልደው በዓመት አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ወራት ነው። ጓሳው በሚከፈትበትም ዓመት እንኳ ማጭድና ውሻ ወደ ሜዳው የሚገቡት በየካቲት ስለ ሆነ፣ ቡችሎቹ ከጉድጓድ ወጥተው ከቆዩ በኋላ ይደርሳሉ። አባቶች ይህን አስበው ደንቡን አወጡት ማለት አይደለም። እነርሱ ያሰቡት ስለ ጣሪያቸው፣ ስለ ክረምቱና ስለ ጾሙ ነው። የቀበሮው ዕድል ከሰው የኑሮ አቆጣጠር ጋር ገጠመ፤ ሦስት መቶ ዓመትም ገጥሞ ቆየ።

ጭላዳውም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ በጓሳ ጭላዳዎችን ሲያጠኑ የቆዩት ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ቀይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ አይጥ ሲያድን ካደረጋቸው ሙከራዎች 67 በመቶው እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶው ብቻ እንደሚሳካለት ገልጸዋል። የጭላዳ ግልገል በአፉ ሥር እያለፈ ዞር ብሎ የማያየው ቀበሮ ለዚህ ጥቅሙ ሲል መታገሡ አይቀርም። ሣሩ ጭላዳውን፣ አይጡንና ቀበሮውን ባንድ ላይ ያኖራል።

ይህን ሁሉ አይቶ የቄሮን ዘመን ወርቃማ ዘመን አድርጎ መሳል ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ቄሮ የባለ ርስት ሥርዓት ነበር። ከአስቦና ከጌራ የማይወለድ ሰው፣ በአጠገቡ ቢኖርም፣ ከጓሳው እኩል አይደርሰውም። ጣሪያ የሚያስፈልገው ግን ርስት ያለው ብቻ አልነበረም። ሜዳውን የጠበቀው ደንብ ደሀውን ከሜዳው ያራቀ ደንብም ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊ አንዱን ተናግሮ ሌላውን ሊደብቅ አይገባውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ አጽመ ርስት ተሻረ፤ ከእርሱ ጋር ቄሮም መሠረቱን አጣ። አለቃው ትእዛዝ የሚሰጥበት ሥልጣን፣ የሚቀጣበትም መብት አልቀረለትም። በጓሳ ዙሪያ ያሉት የገበሬ ማኅበራት አባላት ሁሉ፣ ርስት የነበረውም ያልነበረውም፣ እኩል ባለመብት ሆኑ። ይህ የፍትሕ ሥራ ነው። ነገር ግን መብቱ ሲሰፋ ትዕግሥቱ አብሮ አልሰፋም። ጠባቂው ማን እንደ ሆነ ባልታወቀበት ጊዜ ሜዳው ከቀድሞው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ታጨደ፤ ከብቱ በዛ፤ በዳርቻውም እርሻ እየገፋ ገባ። በሌላ አገር ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

በመንዝ ግን አላበቃም። የጎረቤት የገበሬ ማኅበራት ተወካዮች የጓሳ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ አዲሱንም ደንብ ዕድር አሉት። ስሙ የሚያስገርም ነው። ዕድር በከተማም በገጠርም ሰው ለመቅበርና ሐዘንተኛን ለማጽናናት የሚቋቋም ማኅበር መሆኑን የማያውቅ የለም። ርስት ከተሻረ በኋላ፣ በዘር ሳይሆን በጉርብትና ላይ የቆመ፣ አባል ያልከፈለውን የሚቀጣ፣ ሁሉም የሚፈራውና የሚያከብረው ሌላ ምን ማኅበር ነበረ? የመንዝ ገበሬ ለሣሩ ጠባቂ ሲያጣ ለሬሳው ጠባቂ ያደረገውን ሥርዓት ወሰደ። ዕድሩ እንደ ቄሮ ብርቱ ነበር ማለት አይቻልም፤ የመዝጊያው ዘመን አጥሯል፤ ኮሚቴውም ከቀበሌው አስተዳደር ጋር መመካከር ነበረበት። ቢሆንም መዝጋትና መክፈት አልቀረም፤ ርስት ያልነበራቸውም በዚህ ጊዜ ከውጭ ሆነው የሚመለከቱ ሳይሆኑ ጠባቂዎች ሆኑ።

ይህን ታሪክ ለሳይንስ ዓለም ካስተዋወቁት መካከል ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘላለም ተፈራ ይገኝበታል። በ2001 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዙ ኬንት ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት የጓሳን የጋራ ይዞታና የቀይ ቀበሮውን ኑሮ አገናኝቶ የሚመረምር ነው። ከዚያ ወዲህ የፍራንክፈርት የሥነ እንስሳት ማኅበር እርዳታ ታክሎበት፣ የአማራ ክልል መንግሥትም ጓሳን ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው የጥበቃ ቦታ አድርጎ በሕግ አወቀው። ጎብኚዎች የሚያርፉበት የማኅበረሰቡ ማረፊያም ተሠራ።

አሁን ግን ሌላ ጥያቄ ተነሥቷል። ጥያቄውን ያመጣው አዋጅ ሳይሆን ቆርቆሮ ነው።

ቆርቆሮ በኢትዮጵያ ገጠር ከገባ ሰንብቷል፤ በመንዝም በየዓመቱ እየበዛ ሄዷል። ቆርቆሮ የከደነ ሰው በጎረቤቱ ዘንድ ይከበራል፤ ክዳኑን ለማደስ ጓሳ እስኪከፈት አይጠብቅም፤ እሳትም እንደ ሣር አይፈራም። በገመዱ ቦታ የናይለን ገመድ፣ በገሣው ቦታ ላስቲክ መጥቷል። ይህን ለውጥ መንቀፍ ለማንም አይገባም፤ በሣር ቤት የማይኖር ሰው ስለ ሣር ቤት ውበት ለባለቤቱ ሊሰብክ አይችልም። ሆኖም ሒሳቡን ማየት ያስፈልጋል። ሦስት ዓመት ዘግቶ መጠበቅ ትርጉም የነበረው ሦስት ዓመት የሚጠበቅ ዕቃ ስለ ነበረ ነው። ክዳን የማይፈልግ ሰው ከጓሳው የሚፈልገው ምን ይሆናል? ለከብቱ ግጦሽ፣ ለልጁ ማሳ፣ ለምድጃው ማገዶ ነው። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ መዝጋትን አይወዱም።

በአውሮፓና በአሜሪካ ከ20ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ወዲህ የቤት ዕቃ ገዢው የዱር እንስሳን እንዲያድን የሚያደርጉ ልዩ ልዩ ምልክቶች ተስፋፍተዋል። እንጨቱ ደንን ሳያጠፋ መቈረጡን የሚመሰክረው የደን አስተዳደር ምክር ቤት በ1993 እ.ኤ.አ. ተቋቁሟል፤ የዘንባባ ዘይት አምራቾችና ገዢዎችም በ2004 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ማኅበር መሥርተዋል፤ በሳሙናውና በብስኩቱ ዘይት ምክንያት የኦራንጉታን ደን መመንጠሩ በዓለም ከታወቀ በኋላ የመጣ ነው። በእነዚህ ሁሉ ገዢው አንድ አገር፣ እንስሳው ሌላ አገር ናቸው፤ በመካከላቸው የቆመው የወረቀት ምልክት ነው። ገዢው ምልክቱን ያምን እንደ ሆነ ዋጋ ይጨምራል፤ ካላመነ ይተወዋል። በጓሳ ምልክት አላስፈለገም። ዕቃውን የሚጠቀመው፣ ሜዳውን የሚጠብቀውና ቀበሮውን በየጠዋቱ የሚያየው ያው አንድ ሰው ነበር፤ ጥበቃው ቢላላ ጣሪያው ያፈስበታል። ዛሬ ይህ ማሰሪያ እየላላ ሲሄድ በምትኩ የቀረበው የጎብኚ ገንዘብ ነው። ጎብኚ ግን እንደ ክረምት በቀጠሮው አይመጣም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የተካሄደው ጦርነትና በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት፣ በሩቅ ሰው ኪስ ላይ የተመሠረተ ጥበቃ ምን ያህል ተሰባሪ እንደ ሆነ ለማሳየት በቂ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ አሳሳቢው ማገዶው ነው። በጓሳ ከሣሩ ጋር ጨረንፌ የሚባል ቁጥቋጦ ይበቅላል፤ ዛፍ በሌለበት አገር የብዙ ቤት ምድጃ የሚነደው በእርሱና በኩበት ነው። ጓሳ ሲታጨድ ሥሩ ይቀራል፤ ዝናብ ሲያገኝ እንደ ገና ያቆጠቁጣል። እንጨትነት ያለው ቁጥቋጦ ግን ከተቆረጠ በኋላ እንደ ሣር ፈጥኖ አይመለስም። ቆርቆሮ የክዳኑን ፍላጎት ሲቀንስ የማገዶውን ፍላጎት አልቀነሰም፤ እንዲያውም ብርዱን እንደ ጓሳ ክዳን ስለማይከላከል እሳቱን የሚያስረዝም ነው። የኩበቱም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በምድጃ የነደደ ኩበት ለገብሱ ማሳ ማዳበሪያ አይሆንም፤ ማሳው ሲደክም ደግሞ ገበሬው አዲስ መሬት ፍለጋ ዓይኑን ወደ ጓሳው ያነሣል።

ስለዚህ ጉዳዩ ከጣሪያ ወደ ምድጃ ተሻግሯል ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ የእንጀራ ምድጃ ተፈልስፎ ተሠራጭቷል፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚደረገው አጋገር ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የገብስ እንጀራ ለምትጋግር የመንዝ እመቤት ግማሽ ማገዶ ማለት በወር ብዙ ሸክም ጨረንፌ ከጀርባዋ መውረዱ ነው። ዕቃው ከባድ ነው፤ መንገዱም ሩቅ ነው፤ ዋጋውም ለብዙ ቤት ቀላል አይደለም። ከጓሳ ዙሪያ ካሉት ቤቶች ምድጃው የገባበት በጨመረ መጠን ኮሚቴው ሜዳውን ሲዘጋ የሚሰማው የእሮሮ ድምፅ ይቀንሳል፤ ለቀበሮው ከጎብኚው ካሜራ ይልቅ የሚበጀው ይኸው ነው።